አምስት ድምፅ ይዞ ኮርድ ፍለጋ፦ የትኛው ከየትኛው ይገጥማል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዘመድ ሠርግ እየተለማመድን ነበር። ኪቦርዱ ላይ እኔ ነኝ። ማሲንቆ የያዙት አንድ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ዘፈኑ አምባሰል ነው፤ ባለ አምስት ድምፅ ከሆኑት ቅኝቶቻችን አንዱ። እሳቸው የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርሱ ግራ እጄን ጣል አድርጌ ዶ ሜጀርን፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ያዝኩ። ዜማው ዶ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እንግዲህ ኮርዱም ዶ ነው ብዬ ነዋ። ደጋናቸውን ከጭራው ላይ አነሡ። «ልጄ፣ ወዴት ይዘኸኝ ሄድክ?» አሉኝ።

ጥፋቷ አንዲት ቁልፍ ናት፤ ሚ። አምባሰል ውስጥ ሚ የለችም። ሚ ፍላትም፣ ማለትም ከሚ በስተግራ ያለችው ጥቁር ቁልፍ፣ የለችም። እጄ የለመደውን ኮርድ ስጫን ያልተጠራች እንግዳ ይዤ ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮርድና ስኬል (ዜማ የሚሠራባቸው ድምፆች መደዳ) ሳዛምድ መጀመሪያ የምጠይቀው «እዚህ ቅኝት ውስጥ የሌለው የቱ ነው?» ብዬ ነው። ያሉትንማ ጆሮ ራሱ ያገኛቸዋል። ፀቡ ሁልጊዜ የሚነሣው ከሌሉት ነው።

ይህ ጽሑፍ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ኪቦርድ ወይም ጊታር ትነካካላችሁ፣ ኮርድ ታውቃላችሁ፣ ግን «በዚህ ኮርድ ላይ ምን ልጫወት? ለዚህ ዜማስ ምን ኮርድ ልስጥ?» ሲባል ትቆማላችሁ።

አንድ ነገር ስለ ስም። እኛ ጋ ግማሹ ሙዚቀኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጠራል፣ ግማሹ በዶ ሬ ሚ። ጣጣው «ሲ» ላይ ነው። አንዱ ሲ ሲል ዶን ማለቱ ነው፤ ሌላው ሲ ሲል ሰባተኛዋን። በዚህች ብቻ ልምምድ ሲበጠበጥ አይቻለሁ። እኔ እዚህ ሁሉንም በዶ ሬ ሚ ነው የምጽፈው። ዶ ማለት ከሁለቱ ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለችው ነጭ ቁልፍ ናት። ምሳሌዎቹ ሁሉ ቤታቸው፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ፣ ዶ ነው። ዘፋኙ ሌላ ኪ ከፈለገ፣ ሁሉንም እኩል ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፖዝ አለላችሁ።

በአንድ የኮርድ ዙር ላይ አራት መንገድ

ሁሉም የሚያውቀውን ዙር እንውሰድ፦ ዶ ሜጀር፣ ላ ማይነር፣ ፋ ሜጀር፣ ሶል ሜጀር። በዚህ ላይ ሶሎ ልትጫወቱ ነው እንበል።

የመጀመሪያው መንገድ አንድ ስኬል ለሁሉም ነው። ዶ ሜጀር ስኬል፣ ማለትም ሰባቱ ነጭ ቁልፎች፣ ከአራቱም ኮርዶች ጋር ይሄዳሉ። ኮርዶቹ ከዚያው ስለተሠሩ ነው። ቀላል ነው፣ ከኪው አያስወጣም። ግን «ሁሉም ይሆናል» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ዶ ሜጀር እየተያዘ ፋ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት። ፋ ከሚ በላይ ግማሽ ድምፅ ብቻ ናት፣ የቅርብ ጎረቤቷ ቁልፍ፤ ትገፋታለች። ለቅጽበት ብታልፉባት ማንም ልብ አይለውም። ከቆማችሁባት ግን ሁሉም ሰው ዞር ብሎ ያያችኋል።

ሁለተኛው በየኮርዱ ስኬል መቀየር ነው። ዩቲዩብ ስትከፍቱ ቶሎ የሚመጣላችሁ ይሄ ነው። በዶ ላይ አዮኒያን፣ በላ ማይነር ላይ ኤኦሊያን፣ በፋ ላይ ሊዲያን፣ በሶል ላይ ሚክሶሊዲያን። አራት ስም ነው። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ስትቆጥሩ አራቱም እነዚያው ነጭ ቁልፎች ናቸው። የተለየው መነሻቸው ብቻ ነው። እኔ በዚህ ነገር አንድ ሙሉ ክረምት አጥፍቻለሁ፤ ስሞቹን ሸመደድኩ፣ ጨዋታዬ ግን ያው ነበር።

መንገዱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ኮርዱ ከኪው ሲወጣ ይጠቅማል። ከዶ ወደ ላ ማይነር ስትሄዱ መሃል ላይ ሚ ሜጀር ገባ እንበል። ሚ፣ ሶል ሻርፕ፣ ሲ። አሁን ሶልን ትታችሁ ሶል ሻርፕን መያዝ ግድ ነው። ልብ በሉ፤ የተቀየረው አንድ ድምፅ ነው። «እዚች ላይ ሶል ከፍ ትላለች» ብሎ መያዝ ይበቃል። አንድ ኮርድ ለረጅም ጊዜ ሲቆምም ይሠራል። ሬ ማይነር ሁለት ደቂቃ ቢቆም፣ ሲ ወይስ ሲ ፍላት ብሎ መምረጥ ጠቅላላ ስሜቱን ይለውጠዋል።

ሦስተኛው የኮርዱን ድምፆች መከተል ነው። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ጆሮ የሚፈርደው ምቱ ጠንካራ ሲሆን የት እንዳረፋችሁ አይቶ ነው። አሁን አንድ ነገር አድርጉ። ዶን ብቻ ያዙ። ዶ ሜጀር ውስጥ አለች። ላ ማይነር ውስጥ አለች። ፋ ሜጀር ውስጥም አለች። ሦስቱም ቤቷ ነው። ሶል ሜጀር ሲመጣ ግን ሶል፣ ሲ፣ ሬ ናቸው ባለቤቶቹ፤ ዶ መጤ ሆነች። ስለዚህ ግማሽ ድምፅ ወርዳ ሲ ትሆናለች። ዶ፣ ዶ፣ ዶ፣ ሲ። ከዚያ ተመልሳ ዶ። ይህችን በአንድ ጣት ተጫወቱና ኮርዶቹ እንዴት እንደሚያወሯችሁ ስሙ። ብዙ ሰው ሶሎው የሚፈርስበት ከፋ ወደ ሶል ሲሻገር ነው፤ ሁለቱ ኮርዶች የጋራ ድምፅ ስለሌላቸው። ሌላው ሁሉ ላይ ባለህበት ቆመህ መትረፍ ትችላለህ። እዚያ ግን መንቀሳቀስ አለብህ።

አራተኛው መንገድ የኛ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ትዝታ ሜጀር። ከሰባቱ ውስጥ ሁለቱ አስቸጋሪዎች፣ ፋና ሲ፣ ተወግደዋል። ግማሽ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። በዶ ሜጀርና በላ ማይነር ላይ አምስቱም ያምራሉ። በፋ ሜጀር ላይ ራሷን ፋን አትነኩም፣ ግን ላና ዶ የኮርዱ ናቸው፣ ሚ ደግሞ ከላይ እንደ ጭስ ትንሳፈፋለች። ጥሩ ነው። ችግሩ እንደገና ሶል ላይ ነው። ዶን ይዛችሁ ከቆያችሁ ከኮርዱ ሲ ጋር ትጋጫለች። ቅድም «ወደ ሲ ውረዱ» ብያለሁ፤ አሁን ሲ ቅኝቱ ውስጥ የለችም።

ሁለት መውጫ አለ። ዜማው ወደ ሬ ይሂድ። ወይም ኮርዱን ቀይሩት፤ ሲን አውጡና በሶል ላይ ዶና ሬን ተጫኑ። ሶል፣ ዶ፣ ሬ። ጊታሪስቱ «ሰስ ፎር» የሚለው ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዜማውን ለኮርዱ ብሎ ማጠፍ እንግዳ ሲመጣ አባወራውን ከወንበር እንደማስነሳት ነው።

ኮርዱ ከየት መጣ?

ይህ ሁሉ መጋጨት ታሪክ አለው። ክራር ለምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጅማት ነው ያለው። ተጫዋቹ ዘፈኑ ሳይጀመር ቅኝቱን ይቃኛል። የሌለውን ድምፅ በስህተት ልምታ ቢል እንኳን ጅማቱ የለም። ኪቦርድ ግን አሥራ ሁለቱንም ይዞ ይጠብቃችኋል። የመሳሳት ነፃነት ሰጥቶናል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጡ። «አርባ ልጆች» የምንላቸው ናቸው። የነሐስ ባንድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ የአገርኛ ዜማን ለትልልቅ ባንዶች እያቀናበረ ሠርቷል። ትራምፔትና ትሮምቦን አብረው ሲነፉ አንድ ዜማ ሁሉም አይደግምም፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ድምፅ መስጠት አለባችሁ። አምስት ድምፅ ያለው ዜማ ላይ ስድስተኛና ሰባተኛ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ያኔ በወረቀት ላይ ወረደ። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምሮ የኢትዮ ጃዝን መንገድ ሲጀምርም የገጠመው ይኸው ነው፤ የአምስቱን መልክ ሳያጠፉ የአሥራ ሁለቱን ኮርድ ማምጣት።

ትዝታ ማይነር

ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። የሌሉት ፋና ሲ ናቸው። ሲ ፍላትም የለችም።

ከአምስቱ ብቻ ሁለት ሙሉ ኮርድ ይወጣል፦ ዶ ማይነርና ላ ፍላት ሜጀር። ላ ፍላት ላይ ሶልን ብትጨምሩ ሜጀር ሰቨን ይሆናል፤ ያም ከአምስቱ ውጭ አያስወጣችሁም። ሬንም ብታክሉበት አምስቱም ድምፆች በአንድ ኮርድ ገቡ። ቤዙ ላ ፍላትን ይዞ ቀኝ እጃችሁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶልን አንድ ላይ ሲነካ የሚወጣውን ስሙት። ሌሊት ላይ ብቻችሁን ከሆናችሁ አንድ ሰዓት ያስቀምጣችኋል።

በሁለት ኮርድ ሙሉ ዘፈን መሸፈን ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ሦስተኛ ይፈልጋል። ያሉት አማራጮች እነዚህ ናቸው።

ፋ ማይነር። ፋን ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ላ ፍላትና ዶ ከቤት ናቸው። ለስላሳ ነው፣ ዜማውን አይጋፋም። አምስቱም የቅኝቱ ድምፆች በላዩ ላይ ያለ ፀብ ይቀመጣሉ።

ሶል ሜጀር። ይሄ ሲን ያመጣል። ሲ ከዶ በታች ግማሽ ድምፅ ስለሆነች ወደ ቤት አጥብቃ ትስባለች። ስሜቱ ታንጎ ታንጎ ይላል። አንዳንድ ቅንብር ላይ ያምራል፣ በተለይ ዘፈኑ ሲዘጋ አንዴ ብቻ ሲመጣ። በየዙሩ ከመጣ ግን ትዝታው ካፖርት ለብሶ ይሄዳል።

ሲ ፍላት ሜጀር። ሲ ፍላትና ፋን፣ ሁለቱንም የሌሉትን በአንዴ ያስገባል። የዛሬ ፖፕ ይወደዋል። እዚህ ላይ ዜማው ሚ ፍላት ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ፤ ከኮርዱ ሬ ጋር ግማሽ ድምፅ ነው ያላቸው።

የኔ ምርጫ ሌላ ነው። ቤዙ ሶልን ይይዛል፣ በላዩ ዶና ሬ። ያው ቅድም ትዝታ ሜጀር ላይ የተጠቀምንበት ነው። ሜጀርም ማይነርም አይደለም፤ ሁለቱን የምትለየው ሦስተኛዋ ድምፅ ስለሌለች። ለትዝታ ሜጀርም ለማይነርም አንድ ኮርድ ማገልገሉ በራሱ ደስ ይለኛል።

ሁለቱ ባቲዎች

ባቲ ወሎ ውስጥ ናት፤ የሰኞ ገበያዋን ያየ አይረሳትም። ቅኝቷ ሁለት መልክ አለው።

ባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። ጊታር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚማረው የብሉዝና የሮክ ማይነር ፔንታቶኒክ በድምፅ ደረጃ ይኸው ነው። ሳያውቀው ባቲ ሲጫወት ከርሟል ማለት ነው። የሚለየው አካሄዱ ነው፤ የት እንደሚቆም፣ ከየት ወደ የት እንደሚወርድ። ለዚህ ነው አንዳንድ ጊታሪስት ባቲ ላይ ሶሎ ሲገባ ድምፆቹ ልክ ሆነው ዘፈኑ ቺካጎ የሚደርሰው።

ዶ ማይነርና ሚ ፍላት ሜጀር ከቅኝቱ ይወጣሉ። ቁም ነገሩ ፋ ላይ ነው። ላ ቅኝቱ ውስጥ የለችም። ፋ ሜጀር ካላችሁ ላን ታመጣላችሁ፣ ፋ ማይነር ካላችሁ ላ ፍላትን። ዜማው ሁለቱንም ይቀበላል፤ አይቃወምም። ፋ ሜጀር ያነቃዋል፣ ለጭፈራ ይሆናል። ፋ ማይነር ያከብደዋል። እዚህ ላይ ትክክልና ስህተት የለም። ግን ባንዱ አንድ ላይ መወሰን አለበት። ኪቦርዱ ላ፣ ጊታሩ ላ ፍላት ከሆነ ሕዝቡ ድምፅ ማጉያው ተበላሸ ብሎ ነው የሚያስበው።

ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ለኮርድ ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው። ዶ ሜጀር ሙሉ አለ። ሚ ማይነር ሙሉ አለ። ሶል፣ ሲ፣ ፋን አንድ ላይ ብትይዙ ሬ የጎደላት ሶል ሰቨን ናት፤ ወደ ዶ ትመልሳለች። ከቅኝቱ ሳትወጡ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። አደጋው ቅለቱ ነው። እጃችሁ ለምዶ ላ ማይነርንና ፋ ሜጀርን ሲጨምር ላ ትገባለች፣ ከዚያ ሬ ትከተላለች፣ ባቲው ተራ የሜጀር ዘፈን ሆኖ ቁጭ ይላል።

አምባሰል፣ ቤት ውስጥ ኮርድ የሌለው

አሁን ወደ ጥፋቴ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። የሌለችው ሦስተኛዋ፣ ሚ፣ ናት። ሰባተኛዋም፣ ሲ፣ የለችም።

ከአምስቱ የሚሠሩትን ኮርዶች ቁጠሩ። ፋ ማይነር አለ፤ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ። ሬ ፍላት ሜጀር አለ፤ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት። የዶ ኮርድ ግን የለም። ዜማው የሚያርፍበት ቤት ኮርድ አልተሠራለትም። እስካሁን ያየናቸው ቅኝቶች ላይ ቢያንስ ቤታችሁ ስትገቡ የምትይዙት አላችሁ። እዚህ በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ወንበር የለም።

ሰው ምን ያደርጋል? ያለውን ፋ ማይነር ይወስዳል። ይሄ ትልቁ ወጥመድ ነው። የአምባሰልን አምስት ድምፆች ከፋ ጀምራችሁ ጻፏቸው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይህ በፋ ላይ የተቃኘ ትዝታ ማይነር ነው፤ አንዲት ድምፅ አልተቀየረም። አምባሰልንና ትዝታ ማይነርን የሚለያቸው ቤታቸው የት እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤዙ ፋን ደጋግሞ ከረገጠና ኪቦርዱ ፋ ማይነርን እንደ ቤት ከያዘ የሰሚው ጆሮ ወደ ትዝታ ይሄዳል። ዘፋኟ አምባሰል እየዘፈነች ባንዱ ትዝታ እየሸኛት ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ዶ ላይ ስታርፍ «አልጨረሰችም እንዴ?» ያሰኛል። ፋ ማይነርን ተጠቀሙበት፣ ግን መንገድ ላይ። አትደሩበት።

ለቤቱ ታዲያ ምን እንስጥ? እኔ የሞከርኳቸውን ላወዳድር።

ዶ ሜጀር፦ ሚ ገባች። ሬ ፍላትና ሚ ጎን ለጎን ሲሰሙ ዓረቦቹ ሂጃዝ የሚሉት ቀለም ይመጣል። ቆንጆ ቀለም ነው፤ የሌላ ሰፈር ግን ነው። የማሲንቆው ሰውዬ «ወዴት ይዘኸኝ ሄድክ» ያሉት ይህንን ነው፤ ሙዚቃዊ ትንታኔያቸው ከኔ ዲፕሎማ ይበልጥ ነበር።

ዶ ማይነር፦ ሚ ፍላት ገባች። ከሜጀሩ በጣም ይሻላል፤ ብዙ ባንዶች ይጫወቱታል፣ ማንም አይቆጣም። ግን ሬ ፍላት ብቻዋን ስትሆን ያላት ስለት ይደበዝዛል።

ዶ፣ ፋ፣ ሶል፦ ሦስቱም ከቅኝቱ ናቸው። የተንጠለጠለ ስሜት አለው፣ አምባሰልም ራሱ ትንሽ የተንጠለጠለ ነው። ይመቻል።

ዶና ሶል ብቻ፦ ሁለት ድምፅ። ባዶ ይመስላል ወረቀት ላይ። ዜማው ሲገባበት ግን ባዶነቱ አይሰማም፤ ሰፊ ይሆናል። በሠርጉ ቀን ያደረግኩት ይህን ነው። እሳቸው ሦስት ዙር ሲጫወቱ አንዴም ዞረው አላዩኝም። ለኪቦርዲስት ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

አሁን መዝጊያዋን አሳያችሁ። ሬ ፍላት ሜጀርን ያዙ፤ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት። ሬ ፍላት ወደ ዶ ትውረድ። ላ ፍላት ወደ ሶል ትውረድ። ሁለቱም ግማሽ ድምፅ ነው። ፋ ባለችበት ትቆይ። ደረሳችሁ፤ ዶ፣ ፋ፣ ሶል። ከአምስቱ ድምፅ አልወጣችሁም፣ የመጨረስ ስሜቱም ሙሉ ነው። የክላሲክ መምህር ከሰማ ሁለት ፊፍዝ (እንደ ዶና ሶል የሚራራቁ ጥንዶች) ተከታትለው ወረዱ ብሎ ያስተካክላችኋል። ልክ ነው፣ በእነሱ ደንብ አይፈቀድም። ደንቡ የተጻፈው ግን ለአምባሰል አይደለም።

ቅመም ካማራችሁ ሲ ፍላት ማይነርን አንዴ ጣል አድርጉ። ሲ ፍላትን ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ሬ ፍላትና ፋ ከቤት ናቸው።

ስታይል ያለው፣ ማለትም አጃቢውን ራሱ የሚጫወት ኪቦርድ ለምትጫወቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግራ እጃችሁ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ ኮርዱን እንዲሞላ ከተዋችሁት ሜጀር ነው የሚሰጣችሁ፤ ሚ እናንተ ሳትነኳት ትመጣለች። ዶ፣ ፋ፣ ሶልን ሙሉ በሙሉ ተጫኑ። አብዛኞቹ ኪቦርዶች ያውቁታል። ካላወቀ ስታይሉን አጥፉና ከበሮውን ብቻ ተዉ።

አንቺሆዬ

ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ሶል የለችም።

መጀመሪያ የምመክረው ቤዚስቱን ነው። ቤዝ የሚጫወት ሰው እጁ የለመደው አንደኛና አምስተኛ ነው፤ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሶል። ሌላ ሁሉ ቅኝት ላይ ይህ ያድናል። እዚህ ሶልን በረገጠ ቁጥር ከዜማው ሶል ፍላት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ዶና ፋን ይመላለስ። ወይም ዶን ብቻ በኦክታቭ ይርገጥ።

ኮርድ ካስፈለገ ከአምስቱ ሁለት ሙሉ ኮርድ ይወጣል። ፋ ሜጀር፤ ፋ፣ ላ፣ ዶ። እና ሶል ፍላት ማይነር፤ ሶል ፍላት፣ ላ፣ ሬ ፍላት። ሁለቱ በግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ጎረቤቶች ናቸው፤ ላ የጋራቸው ናት። ላን ይዛችሁ ሌሎቹን ሁለት ጣቶች ግማሽ ድምፅ ከፍና ዝቅ ስታደርጉ ከሁለቱ ኮርዶች አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። ቤዙ ሥሩ ዶን ይዞ ሳይነቃነቅ ይቁም፤ እሱ ከሄደ ዘፈኑ ፋ ሜጀር ነው የሚመስለው። በዚህ መንገድ የመግቢያ ሙዚቃ መሥራት ይቻላል፣ ብዙ ቦታም ይወስዳችኋል።

ዜማው ሲጀምር ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። አንቺሆዬ በማሲንቆ ወይም በሰው ድምፅ ሲዜም አንዳንዶቹ ድምፆች በኪቦርዱ ቁልፎች መካከል ነው የሚወድቁት። እኔ ላን ስጫን የማሲንቆው ሰውዬ ላን ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርገው ሊይዟት ይችላሉ። የቁልፍ ምርጫ ይህን አያስተካክለውም። ስኬል ቲዩኒንግ ያለው ኪቦርድ አንድን ቁልፍ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ያስችላል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ለአንዱ ተጫዋች ያስተካከልኩት ለሌላው አልሠራም።

ስለዚህ እኛ ባንድ ውስጥ አንቺሆዬ ሲመጣ እንዲህ ነው የምናደርገው። መግቢያው ላይ ሁለቱን ኮርዶች እጫወታለሁ። ማሲንቆው ሲገባ ቤዙ ዶን ይይዛል፣ እኔ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣለሁ። አጨብጫቢዎቹ ይቀጥላሉ። እሳቸው ደጋኑን ሲያወርዱ እመለሳለሁ።